ኢንቨርተር የለኝም፣ መንገድ ላይ በርካሽ እንዴት ልብላ?

ባዶ_ሶኬት
ሰላም ለሁላችሁ። ከባድ መኪና መንዳት ከጀመርኩ አራተኛ ወር ሆነኝ። በሳምንት አምስት ሌሊት ጋቢና ውስጥ ነው የማድረው። መኪናው የድርጅት ነው። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ዓይነት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) የለውም፣ እንዳላስገባም አስፈርመውኛል፤ ባትሪው ላይ አንዲት ሽቦ ጨምሬ ከተገኘሁ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ያለኝ አንድ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ብቻ ነው፣ እሱም ስልክ ቻርጅ ሲያደርግ ይውላል።

ባለፈው ወር ደረሰኞቼን ሰብስቤ ደመርኳቸው። ባልደምራቸው ይሻለኝ ነበር። የደመወዜ ሲሶ መንገድ ላይ ተበልቷል። ያውም ጥጋብ የለው፤ በዘይት የተጠበሰ ነገር፣ ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ መጠጥ። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሄዷል። ማይክሮዌቭ ያላቸው ከቤት ያመጡትን አሙቀው ይበላሉ፣ እኔስ? ቀዝቃዛ ሳንድዊች ሞክሬያለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ነፍሴ ትኩስ ነገር ብላ ጮኸች። እንዴት ነው የምትኖሩት?

ጎማ_ቆጣሪ
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እኔ 20 ዓመት አልፎኛል በዚህ ሥራ፣ አብዛኛውን ያለ ኢንቨርተር።

መጀመሪያ ደረሰኞቹን መልሰህ አውጣና ሁለት ቦታ ክፈላቸው። ምግብ አንድ በኩል፣ መጠጥና መክሰስ ሌላ በኩል። ሰው ሁሉ ምሳውን ይወቅሳል። እኔ ግን የራሴን ስከፋፍል ግማሹ የፕላስቲክ ውሃ፣ ቡና፣ ለስላሳ፣ ብስኩትና ነዳጅ ስቀዳ እግረ መንገዴን ያነሳኋት ቸኮሌት ሆኖ ነው ያገኘሁት። ምሳህን ስትገዛ ታስባለህ። ለስላሳውን ግን እጅህ ነው የሚያነሳው፣ አንተ የለህበትም።

ስለዚህ ምንም ማብሰያ ሳትገዛ 10 ወይም 20 ሊትር የሚይዝ የውሃ ጀሪካን ግዛ። ከቤት ሞልተህ ውጣ፣ በደንብ እሰረው (ፍሬን ስትይዝ 20 ኪሎ ነው የሚመጣብህ)። ቡናህንም በፔርሙዝ ያዝ። ማሞቂያው ቀጥሎ ይመጣል።

ሽቦ_ነካሽ
መኪናህ 12 ቮልት ነው 24? እሱን ሳታውቅ ምንም ነገር እንዳትገዛ።

ባዶ_ሶኬት
24 ነው። ለውጥ አለው እንዴ? ሶኬቱ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

ሽቦ_ነካሽ
ቀዳዳው አንድ ዓይነት ነው፣ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። የ12 ቮልት ማንቆርቆሪያ 24 ላይ ይገባል። ይገባና ያቃጥላል። ማሞቂያ ሽቦ ላይ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ 100 ዋት የተባለው ዕቃ 400 ዋት ልሳብ ይላል። ዕድለኛ ከሆንክ ፊውዙ ይበጠሳል። ካልሆንክ ሽታውን ታውቀዋለህ። ዕቃው ላይ 24 ተብሎ መጻፉን አይተህ ግዛ።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ፣ ለምን ማይክሮዌቭ አይሆንም? 700 ዋት የሚያሞቅ ትንሽ ማይክሮዌቭ ራሱ ከሶኬት የሚስበው ወደ 1100 ዋት ነው። በኢንቨርተር አልፎ ሲመጣ በ24 ቮልት ወደ 50 አምፔር፣ በ12 ቮልት ደግሞ ወደ 100 አምፔር ማለት ነው። የአንተ ሶኬት ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። በ24 ቮልት 10 አምፔር ስታበዛው 240 ዋት። በቃ፣ ያለህ እሱ ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ኢንቨርተር ከባትሪው በቀጥታ በወፍራም ገመድ የሚታሰረው፣ ድርጅትህም የሚፈራው እሱን ነው። ሶኬት ላይ የምትሰካዋ ትንሿ ኢንቨርተር ለላፕቶፕ እንጂ ለማብሰያ አትሆንም፣ ገንዘብህን እንዳታባክን።

አንድ ነገር ልለምንህ። ፊውዙ ሲበጠስብህ በትልቅ ፊውዝ አትተካው። ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ስንት ጋቢና ከዳሽቦርዱ ውስጥ ሲጨስ አይቻለሁ፣ ሁሌም አንድ ብልህ ሰው 30 አምፔር ከቶበት ነው።

መሪ_ጨባጯ
ሽቦ_ነካሽ ያለው ልክ ነው፣ ግን ልጁን ተስፋ አታስቆርጡት 😄

ወንድሜ እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ኢንቨርተር ኖሮኝ አያውቅም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ትኩስ እበላለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ስታበስል ብዙ ዋት አለህ፣ ጊዜ የለህም። መኪና ላይ ተቃራኒው ነው፤ ዋት የለህም፣ ሰዓት ግን ሞልቶሃል። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ሞተሩ ይሠራል፣ ዲናሞው ያመነጫል፣ አንተ ተቀምጠሃል። በዚያ ሰዓት ምግቡ ራሱን ያብስል።

እኔ ያሉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ የምሳ ማሞቂያ ሳጥን። ሁለት ዓይነት አለ። ለስላሳ ቦርሳ የመሰለው ቀስ ብሎ ያሞቃል፣ ቤት የበሰለ ምግብ ከተጨመረበት ይበቃዋል። ጠንካራው፣ ውስጡ ብረት የሆነው ደግሞ ይበረታል፣ ወደ 150 ዲግሪ የሚደርስ አለ። በእሱ ጥሬ ድንችና ዶሮ ሳይቀር አብስያለሁ፣ ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ዶሮውንም በሥጋ ቴርሞሜትር ሳልወጋ አልበላም። ከምሳ በፊት ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ እሰካለሁ፣ የማርፍበት ስደርስ ጋቢናው ቤት ቤት ይሸታል። የሳህኑን ውስጥ በፎይል ወይም በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍኚው ብላ የነገረችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፣ እስክትነግረኝ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሩዝ ስፈቀፍቅ ኖሬያለሁ።

ሌላው አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ነው። ስለሱ ማታ በሰፊው እጽፋለሁ፣ አሁን ዕቃ ሊያወርዱልኝ ነው።

ቶሎ_ቶሎ
ምን ይህን ሁሉ ያስጨንቃችኋል፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ገዝቶ መገላገል ነው። አምስት ደቂቃ ውሃ ይፈላል፣ አስር ደቂቃ እንቁላል። እኔ ተሳፋሪ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ነው የማበስለው፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጌ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ይኸው ኖሬያለሁ።

ጎማ_ቆጣሪ
ልጄ አንተ የኖርከው ዕድልህ ጠንካራ ሆኖ ነው። ተሳፋሪ ወንበር ጨርቅና ስፖንጅ ነው። መጋረጃ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ መውጫው ደግሞ ከፍ ያለ በር ነው። አንዴ ዘይት ሲገለበጥብህ በየት ትወጣለህ?

እሳቱን እንኳ ተወው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደምህ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ራስህን ያምሃል፣ ደከመኝ ትላለህ፣ ትተኛለህ። ሹፌር ደግሞ ሁሌም ደክሞታል፣ ስለዚህ አይጠረጥርም። ትንሽ የተከፈተ መስኮት መፍትሔ አይደለም።

ቶሎ_ቶሎ
እሺ ጋሼ፣ ውጭ ወርጄ ባበስልስ?

ጎማ_ቆጣሪ
ውጭ ሌላ ነገር ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ደልዳላ መሬት፣ ከነዳጅ ታንከሩ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ መከላከያ አድርጎ። ግን ነዳጅ ወይም ሌላ ተቀጣጣይ የጫነ ሰው ጨርሶ አያስበው። የጋዙን ቆርቆሮም ጋቢና ውስጥ አታስቀምጠው፤ ላዩ ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ አታድርሱኝ ብሎ ተጽፎበታል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ ጋቢና ደግሞ እዚያ መድረስ አይከብደውም። እኔ አየር የሚያገኘው የውጭ ሳጥን ውስጥ ነው የማኖረው። ብርድ አገር የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ተራው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አይተንም፣ ምድጃህ ይተኛል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል።

ሰፊ_መንገድ
መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ማሞቂያውን መሰካት አይቻልም? እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ማታ አንድ ሰዓት ሞተር አስነስቼ።

ሽቦ_ነካሽ
ይቻላል፣ ግን አስላው። ትልቅ ናፍጣ ሞተር መኪናው ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል። ለ100 ዋት ማሞቂያ 3 ሊትር ናፍጣ! ያቺ ራት የምግብ ቤት ዋጋ ሆነች፣ ነዳጁን የሚከፍለው ድርጅቱ ቢሆንም ሪፖርቱ ላይ ስምህ ነው የሚወጣው። ከመቆምህ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሁለት ሰዓት ተጠቀምበት። ቆመህ ስትበላ ምግቡ ሙቅ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቷል።

መሪ_ጨባጯ
ተመለስኩ። ስለ ፔርሙዙ።

የሻይ ፔርሙዝ አይደለም፣ አፉ ሰፊ የሆነ፣ ማንኪያ የሚያስገባ፣ ብረት የሆነ። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልተሽበት አምስት አስር ደቂቃ ትተይዋለሽ (በሴት ጾታ መጻፍ ለምጄ ነው፣ ወንዶቹ አስተካክላችሁ አንብቡ)። ያን ውሃ ደፍተሽ እህሉን ትጨምሪያለሽ፣ ወዲያው እየተንተከተከ ያለ ውሃ፣ ክዳን፣ ከዚያ በፎጣ ጠቅልሎ መተው። ፔርሙዙ ቀዝቃዛ እያለ ከጨመርሽበት ግማሹን ሙቀት ብረቱ ይበላዋል። ሌላው ሰው የሚስተው ነገር፣ ሙሉ መሆን አለበት። ግማሽ የሆነ ፔርሙዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

አጃ ጠዋት በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ቀጭን ፓስታና ኑድል እንደዚያው፣ ግን አትርሱት ይሟሟል። ቀይ ምስር ክክ ቀድሞ ከተዘፈዘፈ በሰዓት ተኩል። ነጭ ሩዝ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ ውሃውን አጥልዬ ነው የምጨምረው፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ካሮት በስሱ ከትፌ እጨምርበታለሁ። የታሸገ ቱና ከላይ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ በርበሬ። ከምግብ ቤት አንድ ሳህን ዋጋ እኔ ሦስት ቀን እበላለሁ።

የፈላ ውሃውን ከየት? ማለዳ ሳልወጣ ከቤት፣ መንገድ ላይ ከሆንኩ ከሶኬት ማንቆርቆሪያ። ነዳጅ ማደያም ሻይ ስትገዢ ፔርሙዝ ሙላልኝ ብትይ እምቢ የሚል ብዙ የለም።

ሽቦ_ነካሽ
ስለ ማንቆርቆሪያው፣ ሰው ተበላሽቶብኛል እያለ ይመልሰዋል፣ አልተበላሸም። ግማሽ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስኪፈላ 167 ኪሎጁል ይፈልጋል። ቤት ያለው 2000 ዋት ማንቆርቆሪያ በደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። የ120 ዋት የመኪና ማንቆርቆሪያ ግን ምንም ሙቀት ባይባክንበት እንኳ 23 ደቂቃ ነው፣ በተግባር ግማሽ ሰዓት በለው። 24 ቮልት ላይ 200 ዋት የሚሆን ታገኛለህ፣ ይሻላል። ልክ የምትፈልገውን ያህል ውሃ ብቻ አድርግ። እና እየነዳህ የፈላ ውሃ አጠገብህ አይሁን፣ ሲሰካ በደንብ ታስሮ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ዓይነት። ውሃ የምትቀዳው ቆመህ ነው።

ሶኬቱንም በየጊዜው ንካው። ላላ ያለ ሶኬት ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ቶሎ_ቶሎ
እንቁላል ማንቆርቆሪያ ውስጥ መቀቀል ይቻላል?

ጎማ_ቆጣሪ
ይቻላል። አንዴ ተሰነጠቀብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሻዬ እንቁላል እንቁላል አለኝ። ከቤት ቀቅለህ ውጣ፣ ሳትልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል።

ሆዴ_አልቻለም
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ግን ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ፔርሙዝ ማብሰልን አይቼ ተደስቼ፣ የቻልኩትን ሁሉ ስከትበት ቀይ ቦሎቄም ከተትኩ። ሌሊት ዘፈዘፍኩ፣ ጠዋት የፈላ ውሃ፣ ክዳን፣ ስድስት ሰዓት። ለስለስ ብሏል፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ነበር፣ በላሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መኪናውን ዳር አስይዤ ሣር ላይ ተንበርክኬ ነበር። የሆነውን ዘርዝሬ አላስቀይማችሁም። ያን ቀን ዕቃውን አላደረስኩም።

በኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅኩት። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ነገር አለ፣ የሚጠፋው ለብ በማለት ሳይሆን በኃይል በመፍላት ነው። ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ አስር ደቂቃ እየተንተከተከ መፍላት አለበት፣ ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን የበለጠ ነው። ፔርሙዝ ውስጥ ደግሞ ክዳኑን ከገጠምክበት ደቂቃ ጀምሮ ውሃው ከመፍላት በታች ነው። ግማሽ የበሰለው ከጥሬው ሊብስም ይችላል። አራት አምስት ፍሬ ብቻ ሰው ያሳምማል ይባላል፣ እኔ አንድ ሳህን ነበር።

የቆርቆሮው ቦሎቄ ግን የበሰለ ነው፣ ከፍቶ መብላት ይቻላል።

መሪ_ጨባጯ
ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህን እኔ መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ። ምስር ክክ እንጂ ቦሎቄ በፔርሙዝ አይሞከርም። እግዚአብሔር አተረፈህ።

የሩዝንም ልጨምር። ሩዝ ከበሰለ በኋላ ለብ ብሎ ሲቆይ ነው የሚያጣላው። ባሲለስ ሴሬስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ዘሩ ማብሰልን ይቋቋማል፣ ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ይባዛና መርዝ ያወጣል፣ ያን መርዝ ደግሞ መልሶ ማሞቅ አይገድለውም። ስለዚህ ከጠዋት የተረፈ ሩዝ ማታ አሞቃለሁ ብለሽ ዳሽቦርድ ላይ አትተይ። እንደ ደረሰ መብላት፣ የተረፈውን መድፋት። ለዚያ ነው ፔርሙዜ ትንሽ የሆነው፣ የአንድ ሰው።

ባዶ_ሶኬት
ኧረ ጉድ ነው፣ ልክ ቦሎቄ ልገዛ ነበር። እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። ቀዝቃዛ ነገር እንዴት ነው የምትይዙት? ፍሪጅም የለኝም።

በረዶ_ሳጥን
የኔ ተራ 😄 ቀላሉ መንገድ ወፍራም የበረዶ ሳጥን ነው። ሰው በአግባቡ አይጠቀምበትም እንጂ በረዶው ይቆያል። ትንንሽ የበረዶ ኩብ አትግዛ፣ ቶሎ ይቀልጣል። ትልቅ ድፍን በረዶ ይበልጣል። ነጻው ዘዴ ደግሞ የውሃ ፕላስቲኮች ሞልተህ (ጫፉን ትንሽ አጉድለህ፣ ሲረጋ ይሰፋል) ቤት አርግተህ መያዝ ነው። ሲቀልጥ ትጠጣዋለህ። ምግቡ ውሃ ውስጥ አይንሳፈፍም።

ከዚያ የሚሻለው ግን ምግቡ ራሱ በረዶ እንዲሆን ነው። ቅዳሜና እሑድ ትልቅ ድስት አብስል፣ የምስር ሾርባ፣ የሥጋ ወጥ፣ የፈለግከውን። በጠፍጣፋው በከረጢት ከፋፍለህ አርጋው። አምስት ጠፍጣፋ ምግብ ሳጥኑ ውስጥ ከተደረደረ አምስት በረዶ ነው። የሰኞው ከላይ፣ የዓርቡ ከታች። እየነዳህ ይላላል፣ ከዚያ ወደ ምሳ ማሞቂያው። ሳጥኑን ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አታድርገው፣ የመጠጡንም ሳጥን ለብቻ አድርግ፣ ምክንያቱም ውሃ ለመጠጣት በቀን ሃያ ጊዜ ትከፍተዋለህ፣ ምግቡን ግን ሁለቴ።

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ጣል አድርግበት። ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ባለው መሃል ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

ሰፊ_መንገድ
ሶኬት ላይ የሚሰካው ማቀዝቀዣስ? ርካሽ ነው አየሁት።

ሽቦ_ነካሽ
ያየኸው ርካሹ ኮምፕሬሰር የለውም። ከውጭው አየር በታች ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያወርደው። ጋቢናው 40 ዲግሪ ከሆነ ሥጋህ 20 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል፣ ማለትም እየተበላሸ ነው። ለመጠጥ ይሆናል። ደግሞ ያለማቋረጥ ይስባል፣ ሌሊቱን ከተሰካ ጠዋት ሞተሪኖው ጨጨጭ ብቻ ነው የሚልህ።

ኮምፕሬሰር ያለው እውነተኛ ፍሪጅ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን 12ም 24ም የሚሠራ አለ፣ ሲሠራ ብቻ 50 ዋት ገደማ ይስባል፣ ከዚያ ያርፋል። ባትሪ ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን አረጋግጥ፣ መቆረጫውንም ከፍተኛው ላይ አድርገው። ለልኩ ያህል፣ ያረፈ 24 ቮልት ሲስተም 25.2 አካባቢ ሙሉ ነው፣ 24.4 ላይ ግማሽ። የማስነሻ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ አይወድም፣ ደጋግመህ ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል።

አንድ የማየው ጥፋት ደግሞ አለ። 24 ቮልት መኪና ላይ ሁለት 12 ቮልት ባትሪ ተከታትለው ነው የታሰሩት፣ ሰው የ12 ቮልት ፍሪጅ ይገዛና ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሽቦ ይስባል። የተሳበበት ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ማለት የዚያ መፍትሔ ነው። አንተን አይመለከትህም፣ ሽቦ አልነካም ብለህ ፈርመሃል።

ቶሎ_ቶሎ
የሞተሩ ጭስ መውጫ ቱቦ ላይ በፎይል ጠቅልሎ ስለማብሰል ማንም አላነሳም? የድሮ ሰዎች ያደርጉት ነበር አሉ።

ጎማ_ቆጣሪ
እኔ ነኝ የድሮ ሰው፣ አድርጌዋለሁ። አንዴ ፎይሉ ተቀዶ መረቁ ፈሰሰ፣ ጋራዥ ያለው ልጅ ጭሱን አይቶ ሞተሩ ዘይት ያፈሳል ብሎ ግማሽ ቀን ፈታው። ቀበቶ አለ፣ ገመድ አለ፣ ዘይት አለ። ተወው።

ባዶ_ሶኬት
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ ሪፖርቴን ይዤ።

የገዛሁት 24 ቮልት ምሳ ማሞቂያ (ብረቱን)፣ አንድ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ፣ ጀሪካን። የበረዶ ሳጥን ከወንድሜ ተዋስኩ። ማንቆርቆሪያውን ለጊዜው ተውኩት፣ ሶኬቱ አንድ ስለሆነ። ስልኬን ማሞቂያው በማይሠራበት ሰዓት ነው ቻርጅ የማደርገው፣ በአንድ መከፋፈያ ሁለቱን ልሰካ ብዬ ነበር፣ ሽቦ_ነካሽ ትዝ ብሎኝ ተውኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሩዜ ገንፎ ሆነ። ውሃ አብዝቼ። ማክሰኞ የታሸገ የቲማቲም ቆርቆሮ ሳልከፍተው ማሞቂያው ውስጥ ልከት ስል ደግነቱ አብሮኝ የሚሠራ ሰው አየኝና ጮኸብኝ፣ ይፈነዳ ነበር። ሁልጊዜ ከፍቶ ነው ለካ፣ ወደ ሳህን ገልብጦ። ሁለተኛው ሳምንት ግን ሰኞ የምስር ሾርባ፣ ማክሰኞ ድንችና ዶሮ፣ ረቡዕ ፓስታ፣ ሐሙስ እንደገና ምስር። ጠዋት አጃ ከሙዝና ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር። ዓርብ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ አልቆ ነበር፣ ስለዚህ የማይበላሸውን በላሁ፣ ቱና፣ ጥቅል ጎመንና ዳቦ። ጥቅል ጎመንና ካሮት ያለ ፍሪጅ ይህን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም ነበር።

ደረሰኞቹን ደመርኩ። ለስላሳና ቡናን ጨምሮ ከበፊቱ ግማሽ በታች ነው። ጋሼ ጎማ_ቆጣሪ ያሉት ልክ ነው፣ ትልቁ ልዩነት የመጣው ከመጠጡ ነው፤ ምግቡ ሁለተኛ ነው። ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ከሰዓት በኋላ የሚጥለኝ እንቅልፍ ቀነሰ። በፊት ትልቅ ሳህን በልቼ ነበር የምነሳው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሳህን የምታጥቡት በምንድን ነው? የኔ ጋቢና የዶሮ ሽታ ይዟል፣ ሊለቅ አልቻለም።

መሪ_ጨባጯ
ጎበዝ! 👏 ሳህኑ ውስጥ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፍበት አላልኩህም? ከበላህ በኋላ ወረቀቱን ጠቅልለህ ወዲያው ቆሻሻ ውስጥ፣ ቆሻሻውን ማታ ጋቢና ውስጥ አታሳድረው። የቀረውን ከጀሪካኑ ትንሽ ውሃና ሳሙና፣ በጨርቅ። ለሽታው ማሞቂያውን ከፍተህ በሆምጣጤ ውሃ ጥረገው፣ ነቅለህ፣ ቀዝቅዞ።

ጎማ_ቆጣሪ
በሚቀጥለው ሳምንት ዶሮውን ለማክሰኞ አታሳድረው፣ ሰኞ ብላው። ዓርብ ለምስር ነው።

ባዶ_ሶኬት
እሺ ጋሼ። ዶሮ ሰኞ።